ሦስተኛው ጥሪ

በአርዋን መንግሥት፣ በሶሬን ሐይቅ ወደብ፣ ሦስት መቶ ዓመት ጠፍቶ የማያውቀው የግንቡ መብራት በጠራራ ቀን ድርግም አለ። ወዲያው ጉም ሐይቁን ዋጠው። አርባ የዓሣ አጥማጅ ታንኳ ውስጡ ነበር፤ በአንደኛው የሊባና ታናሽ ወንድም ኤልዳም ተሳፍሯል።

«ጠሪ አክባሪ» የሚባለው ሌላ አገር ነው። እኛ ዘንድ ጠሪ ገዳይ ነው! ከሐይቁ ሥር ያሉት ሙታን በምትወደው ሰው ድምፅ ስምህን ይጠራሉ፤ «አቤት» ካልክ አለቀልህ። ደግነቱ ሙት ከሁለት ጊዜ በላይ መጥራት አይችልም። ስለዚህ የወደባችን ሰው ሦስተኛውን ሳይሰማ አይመልስም። የመብራቱ ጠባቂ ግን የሟች ሚስቱን ድምፅ ሲሰማ ሕጉን ረሳ፤ የተገኘው ጫማው ብቻ ነው።

ሊባና ፍም በሸክላ ይዛ ተነሣች።

«ያን መብራት ሳላበራ ብመለስ፣ የጠባሁት የእናቴ ጡት መርዝ ይሁንብኝ!»

«ብቻሽንማ አትሞቺም» አሉና ሽማግሌው ቀዛፊ አባ ዞማ ተከተሏት።

ማዕበሉን ሊሰብር ወደ ሐይቁ በተዘረጋው የድንጋይ ግድብ ላይ ዘጠኝ መቶ እርምጃ ሄዱ። ውሃው ከግራም ከቀኝም ጠራቸው። አባ ዞማን የሰጠመ ልጃቸው «አባዬ» አላቸው፤ እያለቀሱ አለፉ።

ከግንቡ አናት ላይ ዘይቱን ለኮሱት። ነፋሱ ነበልባሉን ሊያጠፋው ታገለ፤ ሊባና በሁለት እጇ ነጠላዋን ዘርግታ ከለለችው። ጉሙ ሳሳ፤ ታንኳዎቹም አንድ በአንድ ወደቡ ገቡ። ሠላሳ ዘጠኝ ሆኑ።

ያኔ ከግድቡ ሥር ድምፅ መጣ። «ሊባና!»

የኤልዳም ድምፅ ነው። ወደ መስኮቱ ሮጠች።

«ዝም በዪ ልጄ!» አሉ አባ ዞማ።

«ሊባናዬ!»

ከንፈሯን ነክሳ ሦስተኛውን ጠበቀች። አልመጣም።

ጉሙ ሲገፈፍ ወረዱ። ታንኳው ተሰባብሯል፤ ከግድቡ ድንጋይ ላይ የአምስት ጣት ደም ነበረ። ወይኔ! ሙት አይደማም። ኤልዳም በሕይወት ነበር፤ ለሦስተኛው ትንፋሽ አጠረው እንጂ።

ወደቡ ግን ለዳኑት በእልልታ ቀለጠ። ንጉሡ ካባ ሊያለብሳት ቢል እንቢ ብላ የግንቡን ቁልፍ ለመነች።

ዛሬም ጉም በወረደ ቁጥር ያ ድምፅ ሁለት ጊዜ ይጣራል። ሊባና መብራቱን ታበራና በመስኮቱ ጎንበስ ትላለች።

«አቤት፣ ወንድሜ!»

እስካሁን የወሰዳት የለም።