የአበልጅ ቃል

አደባባይ ቆሞ «አገር! አገር!» ማለት ለማንም አይከብድም። የሚከብደው ከቤት ልጅ ሲወጣ ነው። ይህን ከእታፈራሁ በላይ የሚያውቅ በሸሕዲ ከተማ የለም።

እታፈራሁ ከመናኸሪያው አጠገብ ለቀን ሠራተኞች ሹሮና ምስር እየሸጠች አንድ ልጇን ናሁሰናይን ያሳደገች ሴት ናት። አምና ሰሊጡ ታጭዶ ፍሬው ገና ሳይራገፍ ሽፍታ አስቸገረና፣ የአካባቢው ሰው ከየቤቱ አንድ ወጣት እያወጣ እርሻውን በተራ ሊጠብቅ ተሰበሰበ። መጀመሪያ የተነሡት የሰፊ እርሻ ባለቤቱ አቶ መለሰ ናቸው። ናሁሰናይን ክርስትና ያነሡት እሳቸው ናቸው፤ ለእታፈራሁ አበልጅ፣ ያውም የምታምናቸው አበልጅ።

«የእኔ ልጅ አበባው ከሁሉ ቀድሞ ይወጣል!» አሉ ደረታቸውን እየመቱ። «አበልጄ፣ አንቺስ?»

እታፈራሁ ያላት አንድ ልጅ ብቻ ነው። ግን አበልጇ ልጃቸውን ሰጥተው እሷ ብትሰስት ሰው ምን ይላታል? ተነሣችና «የእኔም ይውጣ» አለች።

ተራው ሲደርስ ከናሁሰናይ ጋር የቆመው አበባው አልነበረም። ለአጨዳ ከጎጃም የመጣ፣ ጠመንጃ ጨብጦ የማያውቅ የአቶ መለሰ ሠራተኛ ነበር። «አበባው በሽንፋ በኩል ያለውን እርሻ እየጠበቀ ነው» አሉ አቶ መለሰ። አበልጅ ይዋሻል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ሽፍቶቹ በመጡ ዕለት ያ ምስኪን ሠራተኛ ሮጠ። ምን ያድርግ፣ እንጀራ ሊፈልግ እንጂ ሊሞት አልመጣ! ናሁሰናይ ብቻውን ቀረ፤ በጥይት የተመታው እግሩም ጎንደር ሆስፒታል ተቆረጠ።

ዘንድሮ ደግሞ «የግዳጅ ውትድርና ይመለስ ወይስ ይቅር?» የሚል ክርክር ተነሣና የከተማው ሰው ለውይይት ተጠራ። አቶ መለሰ እታፈራሁ ቤት መጡ።

«የጀግና እናት ነሽ፤ ተነሥተሽ ‹ይመለስ› በይልኝ። አንቺ ካልሽው ማን ይከራከራል?»

እሺ አለች። የልጇ እግር ለከንቱ አልሄደም ቢባልላት ደስ ይላታል።

ለስብሰባው ሻርፕ ልትገዛ ልብስና ሻንጣ ከምትሸጠው ከሩፊዳ ሱቅ ገባች። ዋጋ እየተከራከሩ፣ «ለስብሰባው አበባውም ሳይመጣ አይቀርም» አለች እታፈራሁ በወሬ መሐል።

«የአቶ መለሰ አበባው? ኧረ እሱ አዲስ አበባ ከገባ ከረመ! አምና ሰሊጥ ሳይታጨድ እኮ ነው የሄደ። ሻንጣውን አባቱ የገዙለት ከእኔ ነው» አለች ሩፊዳ።

እታፈራሁ ሻርፑን ባንኮኒው ላይ ጥላ ወጣች። «ክርስትና ያነሣልኝ ሰው! በልጄ ይቀልድብኝ!» እያለች፣ እያለቀሰች ቤቷ ደረሰች።

በስብሰባው አቶ መለሰ ስለ አገር ፍቅር አሳምረው ተናገሩና «ይመለስ» የሚል ብዙ እጅ ወጣ። «አሁን የጀግናው እናት ትናገር» አሉ።

«እኔ አገሬን አልጠላም» አለች እታፈራሁ። «አገር ሲወረር ማን ይቀመጣል? ግን አቶ መለሰ፣ የእኔ ልጅ እግሩን ሲያጣ አበባው የት ነበረ?»

«አበልጄ፣ ምነው በሰው ፊት?»

«ልጄንስ የሰጠሁት በሰው ፊት አይደል! አዲስ አበባ ሸሽገውት ሽንፋ ነው አሉኝ። ልጅዎን ቢሸሽጉ አልፈርድብዎትም፤ እኔም እናት ነኝ። የእኔን ለምን አስወጡት? ሕጉ ሲመጣም የእርስዎ ልጅ ሻንጣ ይዞ ይሄዳል፣ የደሀ ልጅ ጠመንጃ ይዞ ይወጣል።»

ከኋላ የተቀመጠው የሩፊዳ ባል አብዱልሀኪም ያወጣውን እጁን አወረደ።

«እኔም ወንዶች ልጆች አሉኝ» አለ። «እጄን ሳወጣ ግን አንዳቸውም ትዝ አላሉኝም። ለካ እጄን ያወጣሁት በሌላ ሰው ልጅ ላይ ኖሯል።»

ግዳጁ ይመለስ፣ አይመለስ፣ አዋቂዎች ይከራከሩበት። አንተ ግን «ይመለስ» ከማለትህ በፊት ቤትህ ግባና ልጅህን ዓይን ዓይኑን እያየህ «አንተ ሂድ» በለው። ይህን ማለት ካቃተህ፣ የሌላ ሰው ልጅ አትጥራ።