ሲቃ አይቆጠርም

ዮሳዲቅን የወደድኩትን ያህል ሰው ወድጄ አላውቅም፤ የጠላሁትንም ያህል ማንንም አልጠላሁም።

የተገናኘነው ጅቡቲ፣ ካርቲየ 7 ቢስ የሚባል ሰፈር፣ ለቅሶ ቤት ነው። እንደ እኔው በሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ የሞተች ልጅ ነበረች። አርብ፣ በዕረፍት ቀናችን፣ ተሰብስበን ሙሾ አወረድኩላት፦

የሰው ቤት ስትጠርጊ ጎንበስ ብለሽ ኖረሽ፣
ዛሬ ገና ተኛሽ ማንም ሳይጠራሽ።

ከወንዶቹ መሃል አንድ የማያውቃት ሰው ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። መምህር ነው፣ ሥነ ጽሑፍ ነው የተማረው አሉኝ። እንባውን ሳይ ወደድኩት፤ ምን እዋሻለሁ።

ራስ ዲካ ሰፈር በምሠራበት ቤት አልጋውም ሰሃኑም የእመቤቴ ነው። የእኔ የምለው አፌን ብቻ ነበር። ዮሳዲቅ ግን በሁለተኛው አርብ፣ ባሕሩ ዳር ተቀምጠን፣ ያንኑ ግጥሜን ደብተር ላይ ጽፎ በጣቱ ቆጠረው።

«ሁለተኛው ስንኝ አንድ ቀለም ይጎድለዋል» አለኝ። «ማንም ሰው ሳይጠራሽ ብትዪ ይሞላል።»

«እዚያ ላይ ሲቃ ይዞኝ ነው።»

«ሲቃ አይቆጠርም፣ ትርሲት።»

ያኔውኑ ተነስቼ መሄድ ነበረብኝ። ፍቅር ይዞኝ ተማርኩ። ስድስት ወር ሙሉ አርብ አርብ ቀለም ስቆጥር፣ ስሳሳት ሲቆጣኝ፣ ተኳርፈን ስንታረቅ ከረምን። በመጨረሻ ጎበዝ ሆንኩለት። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት እኔ ነኝ።

በሰባተኛው ወር ከድሬዳዋ የእናቱ መርዶ መጣ። በስልክ «ምራቴ» ይሉኝ የነበሩ ሴት ናቸው። ለቅሶ ቤቱ ሲሞላ ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ፤ እሱም ከጥግ ሆኖ ዓይኑን ተከለብኝ። ተነስቼ አፌን ስከፍት ጣቶቼ ነጠላዬ ስር መቁጠር ጀመሩ። አንድም ቀለም ሳይጎድል አራት ስንኝ አወረድኩ። ማንም አላለቀሰም። አንዷማ ስልኳን ታይ ነበር።

ዮሳዲቅ መጥቶ እጄን ያዘኝ።

«እንደ ድሮሽ አልቅሺላት» አለኝ ቀስ ብሎ። «እንባዬ እምቢ አለኝ።»

«አልችልም። አንተ ነህ ያስጣልከኝ።»

«ለዛሬ ብቻ፣ እባክሽ።»

እጄን መንጭቄ ወጣሁ። በሰልስቱም አልተመለስኩም።

እስከ ዛሬ እናቱን አላለቀሰም አሉ። ይበለው እላለሁ። ከዚያ የእመቤቴን ወጥ ቤት በር ዘግቼ፣ ለእናቱም ለእሱም አለቅሳለሁ፤ አንድ ቃል ግን አይወጣኝም።