ሰባቱ ንዝረቶች

የዶክተር የሻው ራስ ቅል ተፈርክሶ፣ ደሙ ሲሠራበት በኖረው መሣሪያ እግር ሥር ረግቷል። አጠገቡ ጨረር ለመከለል ከሚደረደሩት የእርሳስ ጡቦች አንዱ ወድቋል፤ ጠርዙ ላይ ፀጉር ተለጥፎበታል። ኢንስፔክተር ባንችይርጋ ጎንበስ ብላ ምቱን ቆጠረች። ሰባት ነው። «ይሄስ የከረመ ቂም ነው» አለች በልቧ።

ከደጅ የገነተ ማርያም ሰው ዘበኛውን ደሳለን ግንድ ላይ አስሮ ይቀጠቅጠዋል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሬሳውን አግኝቶ የጮኸው እሱ ነው፤ የክፍሉ ቁልፍም እሱ ዘንድ ነበር። ግንባሩ ተተርትሯል፣ ቀኝ ክንዱ ተሰብሯል። ሚስቱ ወለተ ሩፋኤል የኢንስፔክተሯ እግር ላይ ወደቀች።

«እሜቴ፣ እስኪመሽ አያቆዩልኝም፤ ይገድሉብኛል!»

ባንችይርጋ ሽጉጧን መዘዘች። ሰዉ አፈገፈገ እንጂ አልተበተነም። ሁለት ፖሊስ ይዛ ያን ሁሉ ሰው እንደማትችለው ታውቃለችና ፈራች።

ወደ ክፍሉ ተመልሳ የሟቹን የሥራ ባልደረባ ንጋትን ጠየቀቻት።

«ይህ ዕቃ ምን ይሠራል?»

«በቤተ ክርስቲያኑ ድንጋይ ውስጥ ያለው ብረት እንዴት እየዛገ እንደሆነ በጋማ ጨረር ይለካል። የጨረሩ ምንጭ ከጉንዳን በዘገየ ፍጥነት ወዲያ ወዲህ ይላል። ትንሽ ነገር ካናወጠው ልኬቱ ይበላሻል። ስለዚህ ንዝረቱን ሁሉ ወረቀት ላይ ያትማል፤ ቅጂውን ወዲያው አዲስ አበባ ይልካል። እኛ ደግሞ ከእያንዳንዱ ንዝረት አጠገብ ምክንያቱን በእጃችን እንጽፋለን። የዶክተር ሕግ ነው፤ ባዶ አይተውም።»

«የነደፈው እሱ ነው?»

ንጋት አንገቷን ደፋች። «አራት ዓመት ለፍቶ የነደፈው ኢንጂነር አረጋ ነው። ዶክተር ግን ትናንት በራሱ ስም ብቻ አስመዘገበው።»

«አንቺ የት ነበርሽ?»

«ቅዳሴ። ሴቶቹ ሁሉ አይተውኛል።»

አረጋ አዲስ አበባ ያደገ፣ ቤተ ክርስቲያን የማይስም፣ ላስታን ከገና ወዲህ ያየ ሰው ነው። ሸሚዙን ቀይሯል።

«እስከ ስምንት ተኩል አብሬው ነበርኩ» አለ። «በሰላም ተለያየን፤ ስወጣም ሰው አይቶኛል። ከዚያ በኋላ እዚህ የነበረው ዘበኛው ብቻ ነው።»

ባንችይርጋ ወረቀቱን አነሳች። ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ሰባት ንዝረቶች ተከታትለዋል። አጠገባቸው «ከበሮ» ተብሎ ተጽፏል።

«ጽሕፈቱ ያንተ ነው?»

«አዎ። ከገና ጀምሮ የሚያስቸግረን እሱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲመታ እዚህ ድረስ ያናውጣል። ዛሬም ቅዳሴ ላይ መቱት።»

ባንችይርጋ ጽሕፈቱን ደግማ አነበበች። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል ያልቀመሰው ሆዷ ጮኸ። ወዲያው ሁሉንም አስጠራች፤ ደሳለንም ከነገመዱ አስገባችው። መሪጌታ ፈንታው መቋሚያቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆሙ።

«መሪጌታ፣ ዛሬ ከበሮ መታችሁ እንዴ?»

ሽማግሌው ተቆጡ። «ምን ነካሽ ልጄ! በዐቢይ ጾም ከበሮ ይመታል? ጾሙ ከገባ ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል!»

አረጋ ላብ አጠመቀው።

«ስማ» አለችው ባንችይርጋ። «ስምንት ከሃያ ላይ ይህን ቤት ሰባት ጊዜ ያናወጠው ከበሮ አይደለም። ሟቹ ራስ ላይ ያለውም ምት ሰባት ነው። በዚያ ሰዓት አብሬው ነበርኩ ያልከው ራስህ ነህ፤ ደሳለ ቢመታው ኖሮ ዓይንህ እያየ ነበር። መሣሪያህ ግድያህን መዘገበብህ። ቅጂው ስለሄደ ማጥፋት አልቻልክም፤ ሰበብ ፈለግህለትና እጅህ የለመደውን ጻፈ። ጾም መግባቱን ማን ይንገርህ!»

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» አሉ መሪጌታ።

«አራት ዓመቴን ሰረቀኝ!» ብሎ አረጋ ጮኸ። ሌላ የእርሳስ ጡብ አንስቶ ተወረወረባት። ባንችይርጋ ዘወር ብላ አሳለፈችውና በሽጉጧ ሰደፍ የእጁን አንጓ መታችው፤ አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰማ። ፖሊሶቹ መሬት ላይ ደፍተው አሰሩት።

የደሳለ ገመድ ተፈታ። ሚስቱ የተሰበረ ክንዱን በነጠላዋ ደግፋ ይዛ ታለቅሳለች። እሱ ግን ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ አልነቀለም።

«እሜቴ፣ ያን ከበሮ የሚለውን ያሰርዙልኝ። ሊያስገድለኝ የነበረው እሱ ነው።»

ንጋት እስክሪብቶ አነሳች። «ከበሮ» የሚለውን ሰረዘች፤ ከበላዩም «ዶክተር የሻው ሲገደል» ብላ ጻፈች።