ከመስመጡ በፊት ያበጠ መሬት

የዳቦው ቅርጫት ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ መረጃ የያዘው ፍላሽ ከዳቦው ሥር ነበር።

«ትኩስ ነው?» አለ ዳቦ አቅራቢው።

«አሁን ከምድጃ የወጣ።»

የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው። ዳቦ አቅራቢው የስለላ መሥሪያ ቤቱ መልእክተኛ ነው፤ የስውር ስሙ «ጎረቤት»። ቅርጫቱን የመለሰው ሰው ስውር ስም ደግሞ «ጃርት»። ድንጋይ ከሰልን እዚያው ከመሬት በታች አንድዶ ጋዝ በሚያወጣ ኩባንያ ውስጥ ሞዴል ሠሪ መስሎ ገብቷል። ከሰሉ ነዶ ሥሩ ባዶ ሲቀር፣ ላዩ የት እንደሚሰምጥ በኮምፒውተር ያሰላል። መምሰሉ ቀርቶ ሥራውን ወድዶት ቁጭ አለ፤ ለሰላይ ከዚህ የባሰ ጣጣ የለም።

በማግስቱ ጠዋት የዋናው ቢሮ ዕቃ በጥድፊያ ወደ መጋዘን ሲጋዝ አየ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ የአበባ ማሰሮውን ታቅፎ ይሮጣል።

ጃርት ሳቁ መጣ። ወዲያው ግን ክው አለ።

ለጎረቤት በሰጠው ቅጂ ላይ፣ ለፈተና ብሎ፣ የሚሰምጠውን ቦታ ከዋናው ቢሮ ሥር አዛውሮት ነበር። ያንን ቅጂ የያዘ ጎረቤት ብቻ ነው።

ለኩባንያው ሸጦታል።

እውነተኛው ሞዴል በሌላ ፍላሽ ካልሲው ውስጥ አለ። እውነተኛው መስመጫ ደግሞ የሠራተኞቹ መንደር ነው።

የግቢው በር ተዘጋ። ዘበኞች የሞዴል ክፍሉን ሰዎች አንድ በአንድ እየጠሩ መፈተሽ ጀመሩ። መውጫ የለም።

«ስማ ወንድሜ» አለ አጠገቡ የሚሠራው ቀያሽ፣ «የቤቴ በር ከትናንት ጀምሮ አልዘጋ ብሎኛል። አለቃን ብጠይቀው፣ መሬቱ ከፍ ብሏል እንጂ አልሰመጠም፣ ደስ ይበልህ አለኝ።»

ከሰል ሲነድ ዐለቱ በሙቀት ያብጣል። መሬት ከመስመጡ በፊት ጥቂት ቀና ይላል። አለቃው ልኬቱን ቀና ያለበት ላይ አስቁሞ ነው ደስ ያለው።

«ልጆችህ የት ናቸው?»

«ቤት ናቸዋ። ምነው?»

ነገረው። ማን እንደሆነም ጭምር።

«ስንቴ ከገበታዬ ቆርሰሃል!» አለ ቀያሹ።

መንደሩን ባንዴ የሚያስለቅቅ የጋዝ አደጋ ማስጠንቀቂያው ሳይረን ብቻ ነው፤ እሱ ሲጮኽ የግቢው ሳይቀር በሮች ሁሉ ይከፈታሉ። ማንም እንዳይቀልድበት ግን የሳይረኑ ክፍል የገባውን ሰው ቆልፎ ያስቀራል። የሚከፈተው ከውጭ፣ በዘበኞች ቁልፍ ነው።

«እኔ እገባለሁ» አለ ጃርት።

«አንተ ከተያዝክ ካልሲህ ውስጥ ያለውን ያቃጥሉታል፤ ነገ ሌላ መንደር ሥር ይለኩሳሉ።» ቀያሹ ተነሣ። «ልጆቼን አውጣልኝ። የኔና ያንተን በኋላ እንተሳሰባለን።»

በሩ ከኋላው ተቆለፈ።

ሳይረኑ ጮኸ።

ጃርት የቀያሹን ትንሽ ልጅ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ እናቷ ታላቅ ወንድሟን እየጎተተች፣ ከሕዝቡ ጋር ኮረብታው ላይ ወጡ። ከኋላቸው ግድግዳዎች ጎበጡ። ከዚያ ጣሪያዎቹ ወደ ውስጥ ገቡ።

መንደሩ ውስጥ አንድም ሰው አልቀረም።

«አባዬስ?» አለች ልጅቱ።

«ይመጣል።»

ዕድሜ ልኩን ሲዋሽ ኖሯል። ልጅቱን ለእናቷ አቀብሎ ከሰው መሀል ጠፋ።

ሞዴሉ በሌላ መንገድ ከሚፈለግበት ደረሰ፤ እሳቱም እንዲጠፋ ተደረገ። ቀያሹ ግን «የኩባንያውን ምሥጢር የሸጥከው አንተ ነህ» ተብሎ እስር ቤት ነው። ጎረቤት መስክሮበታል። አንድ ሰው እውነቱን ቢናገር ይፈታ ነበር፤ የዚያ ሰው መዝገብ ግን ተፍቋል። የስለላ መሥሪያ ቤቱ አለቆች «እንደዚያ የሚባል ሞዴል ሠሪ አልነበረም» ብለዋል፤ ለራሱም አፉን እንዲዘጋ ነግረውታል።

በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ አንድ ሰው ጠዋት ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ በሩን ደጋግሞ ከፍቶ ይሞክረዋል።

በሩ ሁልጊዜ ይዘጋለታል።