ሁለት ዛፍ ጎን ለጎን

«ጫማሽን አውልቂ!»

ምስጋናው ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረኝ ቃል ይኸው ነው። ሰላምታ የለ፣ «እንዴት አደርሽ» የለ። እኔ ደግሞ የዳንግላ ልጅ ነኝ፤ ምላሴ እንኳን በትእዛዝ በቁጣም አይታሰር። አዲስ አበባ ቻይንኛ ተምሬ፣ አዲስ ጫማ ተጫምቼ፣ ለቻይናዊ የቀርከሃ ሥራ አሠልጣኝ አስተርጓሚ ልሆን እንጅባራ የገባሁት የዚያን ዕለት ጠዋት ነበር። ዘመኑ 2008፣ ወሩ መስከረም።

«ለምን አወልቃለሁ? ቤተ ክርስቲያን ነው እንዴ?» አልኩት።

«የረገጥሽው ሥራዬን ነው።»

ዝቅ ብዬ አየሁ። በጭቃ ጫማዬ የቆምኩት ተሰንጥቆ፣ ተልጎ፣ እንዲደርቅ መሬት ላይ በተዘረጋ ቀርከሃ ላይ ነው። እግሬን ሳነሳ «ቀጭ!» አለ። ሠልጣኙ ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ የተሰበረውን ለቀመና ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

ልቤ ምን እንደሆነች አልነግራችሁም... እሺ፣ እነግራችኋለሁ። ደነገጠች!

አሠልጣኙ ሊን ይባላል። ስልሳን ያለፈ፣ እጁ እንደ ቀርከሃ አንጓ የጠነከረ፣ ለሰው ሁሉ ጎንበስ የሚል ሰው ነው። የመጀመሪያው ቀን ሠልጣኞቹን አንድ በአንድ እየዞረ «ኒን ጉዌይ ሺንግ?» አላቸው።

«የተከበረው የቤተሰብ ስምዎ ማን ነው? ይላል» አልኩ።

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የመለሰው ያ ባለ ቀርከሃ ነው።

«እኛ የቤተሰብ ስም የለንም በይው። አባት ነው ያለን። ከአባት ላይ ደግሞ አያት።»

ሊን ተገረመ። በነሱ አገር የቤተሰብ ስም ይቀድማል፣ የራስ ስም ይከተላል። «ሊን» ብለን የምንጠራው የአያት የቅድመ አያቱን ስም መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅነው።

ምስጋናው ትንሽ አሰበና «እንግዲህ በናንተ አያት ቀድሞ ልጅ ይከተላል። በኛ ልጅ ቀድሞ አያት ይከተላል። መንገድ ላይ ብንገናኝ ማን ለማን ያሳልፋል?» አለ።

ይህን ስተረጉም ሊን እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ጠመኔ አነሳ።

«በመንግሥት ቋንቋ ሊን ነኝ። በመንደሬ ቋንቋ ሊም እባላለሁ። በደቡብ፣ ካንቶን የሚኖሩት ደግሞ ላም ይሉናል።»

«ላም» ስል ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ።

«ፓስፖርት ላይ በላቲን ሲጻፍ የተለያየን ሰዎች እንመስላለን። በራሳችን ፊደል ግን አንድ ነን» አለና ዛፍ ማለት የሆነ አንድ ፊደል ጻፈ። ከጎኑ ሌላ ዛፍ። «ሁለት ዛፍ ጎን ለጎን ሲቆም ጫካ ይሆናል። ስማችን ጫካ ነው።»

ምስጋናው ለጎረቤቱ በአውኚ የሆነ ነገር ሹክ አለው።

«አንተ፣ ምን አልክ?» አልኩት።

«እንደኛ ነው አልኩ። እኛም ከቤት በአውኚ፣ ከገበያ በአማርኛ ነን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊን ለነሱ ባዕድ መሆኑ ቀረ።

ምስጋናው ከሥራ በኋላ ቻይንኛ አስተምሪኝ አለኝ። ፊደሉ ስለሚከብድ ቻይኖች ራሳቸው ለልጆቻቸው በሚጀምሩበት በላቲን ፊደል ጀመርኩለት።

«ከላይ ያለችው ጭረት ምንድን ናት?»

«የድምፅ ምልክት ናት። ድምፅህን ስታነሳው አንድ ቃል ነው፣ ስትጥለው ሌላ ቃል።»

«እንዲህ ከሆነማ ቻይንኛ ዘፈን ነው በይኛ!»

«አንተ ደግሞ ድምፅ የለህም።»

«ድምፅ ባይኖረኝ ጆሮ አለኝ። አንቺ ተናገሪ፣ እኔ ልስማ።»

እንዲህ እያለ ነው ልቤን የወሰዳት... ቀስ እያለ፣ ቀርከሃ እንደሚልግ።

ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን በርጩማ ይዞ መጣ። መቀመጫው ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ አንድ ዛፍ አለበት፣ ያው ሊን የጻፈው ፊደል። አንድ ብቻ።

«ይሄ እኮ ጎደሎ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ። ጎደሎ የሆንኩት እኔ ነኝ።» ብረቱን ከሥራ ቤቱ ፍም አውጥቶ እጀታውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ከወደድሽ ሁለተኛውን ጨምሪበት። ካልወደድሽ በርጩማ ነው፣ ተቀመጪበት።»

ብረቱን ተቀብዬ ጨመርኩበት። የኔ ዛፍ ተንጋደደች። እሱ ግን ከዓለም ፊደል ሁሉ እሷን ወደደ።

«ሰርኬ» አለኝ። ሰርክአዲስን አሳጥሮ እንዲህ የጠራኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

ታኅሣሥ ላይ ሽማግሌ ላከ። የነፍስ አባታችንና የምስጋናው አያት፣ አባ አየነው፣ ዳንግላ ቤታችን መጡ። አባ አየነው ባንጃ ውስጥ የታወቁ ፈረሰኛ ናቸው። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፣ ዛሬም ኮርቻ ላይ የሚወጡት ያለ ደጋፊ ነው። እኔ ከጓዳው በር ሆኜ አያለሁ፣ አዳምጣለሁ። አባቴ መምህር እንግዳው ፊቱ በርቷል።

«ለመሆኑ የማን ዘር ናችሁ?» አለ እንደ ወጉ።

አባ አየነው ደረታቸውን ነፉ። «እኔ አየነው ምህረቴ፣ የባለፈረሱ የሽባባው የልጅ ልጅ ነኝ! ከአዘና እስከ ባንጃ ሽባባውን የማያውቅ ማን አለ?»

አባቴ ወደ ፊት ዘንበል አለ።

«የማን አሉኝ?»

«የሽባባው።»

«የአዘናው ሽባባው?»

«ሌላ ሽባባው አለ እንዴ!»

አባቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እናቴ ማናለብሽ የክንዴ ልጅ ናት። ክንዴ ደግሞ የሽባባው ልጅ ነው።»

በኛ አገር ሳይጋቡ በፊት አጥንት ይቆጠራል። ሰባት ቤት ካልተራራቁ ጋብቻ የለም፤ እህትና ወንድም ናቸው። እኔ ሽባባው ላይ የምደርሰው በአምስት ቤት ነው። ምስጋናውም በአምስት።

አባ አየነው አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ዘጉት። ያኔ ልብ አላልኩትም... ምን ልብ ነበረኝና!

«ልጆቹ ዘመድ ናቸው። እግዜር በጊዜ ገለጠልን» አለ አባቴ።

ሰኞ ሥራ ስገባ ምስጋናው በሩ ላይ አገኘኝ። አንገቱን ደፍቷል።

«እንደምን አደርሽ፣ እህቴ?»

ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«እህቴ አትበለኝ!»

«ታዲያ ምን ልበልሽ?»

«የነበረውን!»

«የነበረውን ማለት ኃጢአት ሆነብኝ።»

መሣሪያውን ሰብስቦ ወደ ዳር ሄደ። ከዚያ ወዲያ ቀና ብሎ አላየኝም። ሥልጠናው ሲያልቅ ጫግኒ ወርዶ ወንበር ሊሠራ ከአንድ ነጋዴ ጋር መስማማቱን ከሰው ሰማሁ። እኔም በልቤ «ለካ እንዲህ ቀላል ነበርኩ! እህት ለመሆን አንድ ቅዳሜና እሁድ በቃኝ» አልኩ። ተቀየምኩት።

ቅያሜዬ ስህተት መሆኑን ያሳየኝ ሊን ነው። አንድ ቀን ጠራኝና ወደ ምስጋናው በአገጩ አመለከተኝ።

«ይህ ልጅ ሰሞኑን በቢላ እጁን ይቆርጣል። እኔ ካወቅሁት ጀምሮ ተቆርጦ አያውቅም። ምን አገኘው?»

አየሁት። ጣቶቹ ሁሉ በጨርቅ ታስረዋል። እንባዬ መጣ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ሰባት ቤቱን፣ ሽባባውን፣ «እህቴ» የምትለዋን ቃል። ሊን የያዘውን ቢላ አስቀመጠና «አውቃታለሁ፣ ይቺን ቃል አውቃታለሁ» ብቻ አለኝ።

የምረቃው ዕለት ጥር ላይ ነበር። ቤተሰብ ሁሉ መጣ። አባ አየነው ፈረሳቸውን ሸልመው መጥተው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሊን ለመናገር ተነሣ፤ እኔ ከጎኑ ቆምኩ።

«ስለ ስሜ ልንገራችሁ» አለ። «የኛ ሰዎች እንደሚሉት፣ ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት አንድ ክፉ ንጉሥ እውነት የነገረውን አጎቱን ገደለ። የሟቹ ሚስት ነፍሰ ጡር ነበረች። ወደ ጫካ ሸሽታ ወንድ ልጅ ወለደች። ክፉው ንጉሥ ሲወድቅ፣ አዲሱ ንጉሥ ልጁን አስፈልጎ ጫካ የሚል ስም ሰጠው። እኔ የዚያ ጫካ የተገኘ ልጅ ዘር ነኝ። እኮራበታለሁ!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ሊን ግን ገና አልጨረሰም።

«ሊን የሚባል ሁሉ ግን ከዚያ ልጅ አልተወለደም። ንጉሥ ስሙን የሸለመው አለ። ከሌላ ሕዝብ መጥቶ የወሰደው አለ። ሕፃን ሆኖ ሊን ቤት ገብቶ ያደገም አለ። ስሙ አንድ ነው፣ ምንጩ ብዙ ነው። በመንደሬ ግን አንድ ስም ያላቸው አይጋቡም ነበር። ወጣት ሳለሁ የወደድኳት ልጅም... ሊን ነበረች። ደማችን ይገናኝ አይገናኝ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ነበሩ። ዝም አሉ።»

የመጨረሻዋን ቃል ገና ተርጉሜ ሳልጨርስ፣ አባ አየነው በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ጠይቂልኝ ልጄ። ልጂቱስ ምን ሆነች?»

ጠየቅኩት። ሊን ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን አያስደስትም።

«እሷ ሌላ አገባች። እኔ ቀርከሃ አገባሁ።»

ሽማግሌው ይህን ሰምተው ድግሱን ሳይቀምሱ ወጡ።

በማግሥቱ ጠዋት ዳንግላ በራችን ተንኳኳ። አባ አየነው ናቸው። ፈረስ የለ፣ ፉከራ የለ፤ በሚኒባስ ነው የመጡት። የነፍስ አባታችንን ከመንገድ ይዘዋቸው ገቡ። አባቴ ወንበር ቢያቀርብላቸው አልቀመጥም አሉ።

«መምህር እንግዳው፣ አባቴ ምህረቴ የሽባባው ልጅ አይደለም።»

«ምን አሉ?»

«በዚያ በክፉው ቀን፣ ሰው በረኃብ ሲያልቅ፣ ሽባባው በፈረስ ሲያልፍ ከቀርከሃው ውስጥ የሕፃን ልቅሶ ሰማ። ወርዶ ገባ። እናትየው ሞታለች። ሕፃኑን አቅፎ ቤቱ ወሰደው። አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ አጠባውና የጡት ልጁ አደረገው። ‹ልጅህ አይደለም ያለኝ ጠላቴ ነው› ብሎ ጎረቤት ፊት ማለ። አባቴ ይህን የነገረኝ ሊሞት ሲል ነው። እኔ ለልጄ ለሀብቱ፣ ለምስጋናው አባት እንኳን አልነገርኩም።»

«ያን ዕለትስ፣ ልጆቹ ሲለያዩ፣ ምነው ዝም አሉ?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

«እንዴት ብዬ ልናገር? ዕድሜዬን ሙሉ በሽባባው ስም ፎክሬ፣ በስተርጅና ከጫካ የተገኘ ሰው ልጅ ነኝ ልበል? ሽባባውን ብነጠቅ ማን ልባል ነው? ትናንት ግን ያ ቻይና ከጫካ የተገኘ አያቱን ሕዝብ ፊት ቆሞ ሲኮራበት ሰማሁ። እኔ የማፍርበትን እሱ ይኮራበታል! ደግሞ ‹ዝም አሉ› ሲል እኔን የጠራኝ መሰለኝ። የልጄን ልጅ ቀርከሃ ላጋባው ነው እንዴ?»

እኔ የጓዳውን በር ይዤ ቀረሁ። አባቴ ወደ ነፍስ አባታችን ዞረ።

«አባ፣ የጡት ልጅም እኮ ልጅ ነው። አይከለክልም?»

እሳቸው በጣታቸው ቆጠሩ። በአባቴ በኩል፣ በእናቴ በኩል፣ በሀብቱ በኩል፣ በምስጋናው እናት በኩል፣ እስከ ሰባት። ያቺን ሰዓት ለጠላቴም አልመኛት!

«ማሩ ምህረቴን ልጅ አድርጎታል» አሉ በመጨረሻ። «አጥንት ግን አላደረገውም። እኛ የምንቆጥረው አጥንት ነው። ከዚያ ሌላ የሚገናኙበት የለም። ይጋቡ!»

እዚያው ቁጭ አልኩ። ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጡብኝ።

አባ አየነው ግን ትከሻቸው ወድቆ ወደ በሩ ዞሩ። አባቴ ተነሥቶ እጃቸውን ያዘ።

«ወዴት ነው? የሽባባው ደም ያለኝ እኔ ነኝ አይደል? እንግዲያስ እኔ ልናገር። ሽባባውን ማንም አልነጠቀዎትም። አባትዎ በጡት ገቡበት፣ እናንተ ደግሞ በጋብቻ ግቡበት። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን። እርስዎም በሽባባው ስም ይፎክሩበት።»

ሽማግሌው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

አባቴ ስልኩን አንሥቶ «ቶሎ ና» ብቻ ብሎ ዘጋ። ምስጋናው ከሰዓት በኋላ ከባጃጅ ወርዶ ሲሮጥ ደረሰ፤ ሰው የሞተ መስሎታል። ጣቶቹ እንደታሰሩ ናቸው። ደጃፉ ላይ እኔን ሲያይ ቆመ፤ አንገቱን ደፋ።

«ደህና ነሽ፣ እህ...»

«እህቴ አትበላት!» ብለው ጮኹ አያቱ ከውስጥ።

ደነገጠ። አያቱን አየ፣ አባቴን አየ፣ እኔን አየ። እያለቀስኩ ስስቅ አየኝ።

«ታዲያ... ምን ልበላት?»

«የነበረውን!» አሉ አባ አየነው።

ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁት። የታሰሩ እጆቹን ዘረጋልኝ።

«ሰርኬ?»

«ወዬ!» አልኩት።