ነጭ ጠመኔ ብቻ

የእንግሊዝኛው መምህር ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ራሱን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ሞቶ ያገኘችው ማለዳ የገባችው የጽዳት ሠራተኛ ናት። መስኮቱ ለብርዱ ተዘግቷል፤ የጋዝ ማሞቂያው ነዳጁን ጨርሶ ጠፍቷል። ሰሌዳው ላይ የ«ቢሆን ኖሮ» ትምህርት እንደተጻፈ ነው፤ ሁኔታው በአረንጓዴ ጠመኔ፣ ውጤቱ በቀይ። ተማሪ የወደደለትም ይህንኑ ነበር። እሱ አረንጓዴውን ይጀምራል፤ ተማሪው ከገዛ ኑሮው ቀዩን ይጨርሳል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ሬሳውን አይታ ስታበቃ ዓይኗ ጣሪያው ሥር ካለው የአየር ማስወጫ ላይ ቀረ። በኮሪደሩ በኩል ወንበር ላይ ወጥታ የተወተፈበትን ጨርቅ መዘዘችና ቦርሳዋ ከተተች። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ወሬው ግን መርዝ ነው አለ። ሚስትየው ትናንት አመሻሽ ላይ ሻይ በፔርሙዝ አምጥታለት ነበር። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተርም ባሏን «ብትሞት እገላገል ነበር» ስትለው በጆሮው ሰምቷል። እሷም አልካደችም። ከሴት ተማሪዎች ጋር ያመሻል ብላ ቅናት አንጀቷን እንደበላው ተናግራ አለቀሰች። ፖሊሶቹ ሊወስዷት በር ላይ ቆመዋል።

ወንፊት ቀጥሎ ያነጋገረችው እሱም እንግሊዝኛ የሚያስተምረውን የጎረቤት ክፍሉን ነባር መምህር ነው። የሟቹን ስም ስታነሳ ፊቱ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ተጨማደደ።

«ቀለም መቀባት ማስተማር አይደለም» አላት። «የኔ ሰሌዳ ነጭ ብቻ ነው። ጠመኔዬንም የሰሌዳ መጥረጊያ ጨርቄንም ቆልፌ ነው የምይዘው። እዚህ ቤት ተማሪ እንኳ ይሰረቃል።»

ከምሳ በኋላ ሦስቱንም የሟቹ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«እሱ እንደሚያስተምረው፣ እኔ ልጀምር፣ እናንተ ጨርሱ» አለች። «ትናንት ማታ እዚህ ክፍል ብትገቡ ኖሮ…»

ዳይሬክተሩ ሐኪም እጠራ ነበር አለ። ሚስትየው እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቀው ነበር አለች።

«መስኮቱን እከፍትለት ነበር» አለ ነባሩ መምህር።

«ሰው ሁሉ ሻይ ሻይ ሲል፣ እርስዎ አየሩን ከየት አመጡት?»

እሱም ክፍሉ ድሮም ይታፈናል ብሎ አጉረመረመ። ወንፊት ጨርቁን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ፔርሙዙ እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ አልቀመሰውም። የገደለው የማሞቂያው ጭስ ነው፤ መውጫውን የደፈነው ይሄ ጨርቅ ነው። የሟቹ መጥረጊያ ጨርቅ ላይ ያለው የጠመኔ ብናኝ ቀይና አረንጓዴ ነው፤ ይኸው ሰሌዳው ሥር ተንጠልጥሏል። ይሄኛው ላይ ያለው ነጭ ብናኝ ብቻ ነው። በነጭ ብቻ የሚጽፉት እርስዎ ነዎት፤ ጨርቅዎንም ቆልፈው ነው የሚይዙት። ጠዋት ሊያነሱት አስበው ነበር፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ቀደመችዎት። ሚስቱ ‹ብትሞት› ያለችው በንዴት ነው። እርስዎ ዝም ብለው አደረጉት።»

ነባሩ መምህር ከተማሪዎቹ ወንበር አንዱ ላይ ቁጭ አለ። ሟቹ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ እንደወሰደበት፣ በመጨረሻ ለባዶ ወንበር ያስተምር እንደነበር ተናገረ። ድምፁ ውስጥ ጸጸት አልነበረም፤ ቅናቱ ገና አልበረደም።

ዳይሬክተሩ ወደ ነባሩ መምህር ዞረ።

«ሟቹ ትናንት ቢሮዬ መጥቶ ነበር» አለው። «‹ተማሪው በዛብኝ፤ እያመሸሁ ሚስቴም ተቀየመችኝ። ግማሾቹን ለጋሼ ልመልስላቸው› አለኝ። ዛሬ ጠዋት ልነግርህ ነበር።»