በሶኮላሮቭ በር ላይ የተበላው ንፍሮ

ሜቶዲ ሶኮላሮቭ የሞተው ካሜራ ፊት ነው። ካሜራ ሲወድ የኖረ ሰው ነበርና በስሊቨን ከተማ «እንደ አኗኗሩ ሄደ» ብለው የተሳሳቁ አልጠፉም። በብስኩት ፋብሪካው በር ላይ ቆሞ ከነጭ ኩባያ አንድ ማንኪያ ንፍሮ ጎረሰና «ነፍስ ይማር» አለ። ሁለተኛውን ጎርሶ ሳይውጥ ጉሮሮውን ይዞ ወደቀ። ሐኪም ሲደርስ አልቆለት ነበር።

ንፍሮውን ይዛ የመጣችው ስቶይና ናት። የሰባት ዓመት ልጇ ኢስክራ የፋብሪካውን ዌፈር በልታ ከሞተች ያን ዕለት አርባ ቀን ሆናት። ኢስክራ ለውዝ አይስማማትም ነበር፤ ዌፈሩ ውስጥ ለውዝ አለ፤ ማሸጊያው ግን የለም ይላል። ፋብሪካው በማግስቱ መግለጫ አወጣ። «ሕፃኗ ለውዝ እንደማይስማማት የሚያሳይ አንዳች ማስረጃ የለም። የቤተሰብ ቸልተኝነት ግን ሊታይ ይገባል» ይል ነበር። መግለጫው በቴሌቪዥን ሲነበብ ኢንስፔክተር ዴስፒና ካራጆቫ ቡርጋስ ከተማ ቤቷ ተቀምጣ ነበር፤ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ስክሪኑ ላይ ወረወረችው።

በአርባኛው ቀን እናት፣ አስቀድማ በአደባባይ እንደተናገረችው፣ የልጇን ፎቶ የያዘውን የሐዘን ማስታወቂያ ወረቀት ከቤተ ክርስቲያን በር ይልቅ በፋብሪካው በር ላይ ለጠፈች። ከዚያም ስኳር የተነሰነሰበትን የስንዴ ንፍሮዋን በነጭ ኩባያ ለአላፊ አግዳሚው ታድል ጀመር። የሙት ንፍሮ ሲሰጡት እምቢ የሚል ሰው በዚያ አገር የለም። ሜቶዲም ጋዜጠኞች ፊት ወጥቶ ተቀበለ፤ በላ፤ ሞተ። ስቶይና ወዲያው ታሰረች። የከተማው ፖሊስ እኩሌታው ፋብሪካው ውስጥ ዘመድ ስላለው፣ ዴስፒና ከቡርጋስ ተጠራች።

ዴስፒና ስልሳ ዓመት የተጠጋት፣ አጭር፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት። መጀመሪያ የጠየቀችው የተረፈውን ንፍሮ ነበር።

«ተመርምሯል፤ ንጹሕ ነው» አላት ሳጅን ፔንቾ። «መርዙ ያለው የሟቹ ኩባያ ውስጥ ብቻ ነው። ላዩ ላይ ከተነሰነሰው ዱቄት ስኳር ጋር ተቀላቅሏል።»

«ንጹሕ ከሆነ ማንኪያ ስጠኝ።»

«ኧረ እትዬ ዴስፒና! ማስረጃ ይበላል እንዴ?»

«ምሳ አልበላሁም» አለችና አንዱን ኩባያ አንስታ ጎረሰች። ቀስ ብላ አላመጠች። ስንዴው ደህና በስሏል፤ ስኳሩም አላነሰም። የሆነ ነገር ግን ጎድሎታል። ከዚያ ከሟቹ ኩባያ ተዝረክርኮ የተሰበሰበውን በመስታወት ዕቃ ውስጥ አየች። በስንዴው መሐል የተፈጨ ለውዝ ነበረበት። በዚያ አገር የሙት ንፍሮ ሁሉ ውስጥ የሚገባ ነገር ነውና ማንም ልብ አላለውም።

ወደ እስር ክፍሉ ወረደች። ስቶይና ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር።

«ገደልሽው?» አለች ዴስፒና ቁጭ ሳትል።

«ብገድለው ደስ ይለኝ ነበር። ቀድመውኛል።»

«ንፍሮሽ ለውዝ የለውም።»

ስቶይና ዓይኗን አፈጠጠችባት። «ለውዝ የገደላትን ልጅ ተዝካር ላይ ለውዝ ልበትን? ኢስክራ ከተወለደች ጀምሮ ቤቴ ገብቶ አያውቅም። እኔን ስቀሉኝ፤ ግድ የለኝም። ግን ከታሰርኩ ነገ ቴሌቪዥኑ ምን እንደሚል አውቃለሁ። 'እብድ ናት፤ ልጇንም የገደለች እሷው ናት' ይላል። ያ ቃል በልጄ መቃብር ላይ እንዲቀር አልፈልግም።»

ዴስፒና ስትወጣ በሩን የዘጋችው በቁጣ ነበር።

የጋዜጠኞቹን ቪዲዮ ደጋግማ አየችው። ሜቶዲ ኩባያውን ከስቶይና እጅ ይቀበላል። ሊጨብጣት ሲፈልግ ዞር ሳይል ኩባያውን ወደ ኋላ ያቀብላል። ስቶይና እጇን ትነፍገዋለች፤ ሰው ሁሉ እሷን ያያል። ከዚያ ጥቁር ጓንት ያጠለቀ እጅ ከኋላ ኩባያ ያቀብለዋል። የማን እጅ እንደሆነ የአንዱ ጋዜጠኛ ጃንጥላ ጋርዶታል። ከኋላው የቆሙት ሦስት ነበሩ፤ ሦስቱም ለሐዘን ጥቁር ጓንት አድርገዋል።

የመጀመሪያዋ የፋብሪካው ጠበቃ ኔቬና ነበረች፤ ቀጭን፣ ቃል ቆጣቢ ሴት።

«የኢስክራን የሐኪም ቤት ማስረጃ አንብበሽዋል?»

«ከፊደል እስከ ፊደል። ልጅቷ ለውዝ ብትቀምስ እንደምትሞት በግልጽ ይላል። መግለጫው እንዳይወጣ ለምኜ ነበር።»

«ሜቶዲስ ለነገ በጠራው ጋዜጣዊ ጉባኤ ምን ሊናገር ነበር?»

«ይቅርታ ሊጠይቅ ነበር። ጥፋቱን ሁሉ በሕዝብ ግንኙነቱ በካሜን ላይ አላክኮ ሊያባርረው።»

ሁለተኛው የሟቹ ታናሽ ወንድም ቲሆሚር ነው፤ የፋብሪካው ግማሽ የእሱ ነው። ትልቅ ሰውነቱን ይዞ ወንበሩ ላይ ተኮራመተ።

«በዘጠነኛው ቀን ተደብቄ ቤቷ ሄጄ ነበር» አለ። «ንፍሮ ሰጠችኝ። እኔ ሞኙ 'ለውዙን ረሳሽው እንዴ?' አልኳት። በሩን አሳየችኝ።»

«ደግ አደረገች።»

«ደግ አደረገች» አለ እሱም።

ሦስተኛው ካሜን ቭልቼቭ፣ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነበር። መልከ መልካም፣ ድምፁ ማር የሆነ ሰው ነው። ትልቅ የቆዳ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

«ምንድን ነው የምትሸከመው?» አለችው።

«የአለቃን ዕቃ፣ እመቤቴ። ስልኩን፣ መነጽሩን፣ ኮፍያውን። በችግር ጊዜ የመሪ እጅ በካሜራ ፊት ባዶ መሆን አለበት። ባዶ እጅ እውነተኛ ይመስላል።»

«ይመስላል» አለች። «የሐኪሙን ማስረጃ አይተኸዋል?»

ካሜን ፈገግ አለ። «ሥራዬን ላስረዳዎት። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመጣ አላነብም። ያላነበበ ሰው 'አላውቅም' ሲል ፊቱ አይቀላም። ኔቬና ልታነብልኝ ስትል ከክፍሉ ወጣሁ።»

«እናትየዋ ግን ስትጮህ ሰምተሃል።»

«እናት ናት፤ ምን ትበል? ሁሉም ጥፋተኛ ይፈልጋል። ይልቅ ቶሎ ፍርድ ቤት አቅርቧት። ሕዝቡ ለኩባንያው ማዘን ጀምሯል።»

ዴስፒና በሆዷ «አንተን ነው የማቀርበው» አለች፤ በአፏ ግን አመስግና ሸኘችው።

በማግስቱ ሦስቱንም ሜቶዲ ሊናገርበት ወደነበረው አዳራሽ ጠራቻቸው፤ ካሜን ሲገባ ፔንቾ ቦርሳውን በር ላይ ተቀበለው። ድምፅ ማጉያዎቹ እንደተተከሉ ነበሩ፤ ጋዜጠኞቹ ከበሩ ውጭ ይንጫጫሉ። ስቶይና ከሳጅን ፔንቾ ጋር ጥግ ላይ ተቀመጠች። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ነጭ ኩባያዎች ነበሩ።

«ከወሬ በፊት ለሟቿ ነፍስ ይማር እንበል» አለች ዴስፒና። «አትፍሩ፤ መርዝ የለበትም።»

ኔቬና ማንኪያዋን አስገብታ አወጣችና እጇ አየር ላይ ቀረ። «ይሄ ለውዝ አለው። ከስቶይና ቤት የወጣ አይደለም።»

«እኔም አልበላውም» አለ ቲሆሚር ኩባያውን እየገፋ።

ካሜን ሁለተኛውን ማንኪያ እየዋጠ ነበር። «ነፍስ ይማር» አለ በዚያ የማር ድምፁ። «ጣፋጭ ነው፤ ምን ሆናችሁ?»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለች ዴስፒና። «ይህን የቀቀልኩት እኔ ነኝ። ስቶይና ካደለችው ንፍሮ አንዱም ለውዝ የለበትም። ሜቶዲን የገደለው ኩባያ ግን አለበት። እንግዲያው ያ ኩባያ ከእሷ እጅ አልመጣም፤ ሌላ ሰው እቤቱ አዘጋጅቶ፣ ሜቶዲ ወደ ኋላ ሲያቀብል ለውጦታል። ሊለውጥ የሚችለው ከሦስታችሁ አንዱ ነው።»

ዴስፒና ቲሆሚር የገፋውን ኩባያ ወደ ራሷ ሳበች።

«ነፍሰ ገዳዩ ነገሩ በስቶይና እንዲላከክ ፈልጓል፤ ስለዚህ የእሷን ንፍሮ እንዲመስል ደክሟል። ኔቬና የሐኪሙን ወረቀት አንብባለች፤ ለውዝ አትጨምርም። ቲሆሚር ከእሷ ቤት በልቶ ተባሯል፤ እሱም አይጨምርም። ለውዝ የሚጨምረው፣ የልጅቷ ሕመም ተረት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ብቻ ነው። ካሜን፣ እናትየዋ አርባ ቀን ሙሉ ጮኸች። አንተ ውሸትህን ስትደጋግመው የመጀመሪያው አማኝ አንተው ሆነህ ቀረህ።»

«ይሄ ማስረጃ አይባልም» አለ ካሜን።

«አይባልም። ለዚህ ነው ቦርሳህን በር ላይ ያስወሰድኩብህ። የእሷን ኩባያ የከተትከው እዚያ ውስጥ ነው። ኩባያውን ጥለኸዋል፤ ዱቄት ስኳርና ስንዴ ግን ከቦርሳ ገበር በቀላሉ አይወጣም።» ፔንቾ ትንሽ ብልቃጥ አነሳ። ውስጡ ከቦርሳው ገበር የተለቀመ፣ ለውዝ ያልነካው ስንዴ ነበር።

ካሜን ብልቃጡን አይቶ ፊቱ ተለወጠ፤ ያ ማር ድምፅ ወዴት እንደሄደ አልታወቀም።

«ዕድሜዬን ሙሉ ቆሻሻውን በአፌ ጠረግኩለት!» ብሎ ጮኸ። «መግለጫውን አውጣ ያለኝ እሱ ነው! ከዚያ አይጥ በበላ ዳዋ ይመታ? የገዛ ስንብቴን እኔው አሳምሬ እንድጽፍለት አዘዘኝ! 'ልብ የሚነካ አድርገው' አለኝ። ልቡን ነካሁለት!»

ለሜቶዲ ዴስፒና አንድ ጠብታ እንባ አልነበራትም። ግን ይህ ሰው በቀሉን የተወጣው በልጅ ተዝካር፣ በእናት ትከሻ ላይ ነው። ያ ነበር ደሟን ያፈላው።

ቲሆሚር ጉሮሮውን ጠረገ። ወደ ድምፅ ማጉያው ቀረብ ብሎ፣ «እንግዲህ ኩባንያችን በአንድ ሠራተኛ የግል ድርጊት የተነሳ በተፈጠረው ሁኔታ…» ብሎ ሲለማመድ ስቶይና ከጥጓ ተነሳች።

«ቲሆሚር፣ ቤቴ መጥተህ አልነበር? ያን ቀን አፍህ የሰው አፍ ነበር። እሱን አምጣው» አለችው። «ፔንቾ፣ በሩን ክፈተው፤ ይግቡ።»

ፔንቾ ዴስፒናን አያት። «ምን ቆመሃል? ክፈት ተብለሃል እኮ» አለችው።

ካሜራዎቹ ጎረፉ። ቲሆሚር ጠበቃውን አየ። ኔቬና «እውነቱን ይናገሩት፤ የምመክርዎት ይህንኑ ነው» አለችው።

«ኢስክራን የገደላት የእኛ ዌፈር ነው» አለ ቲሆሚር። «ለውዝ እንዳለው እያወቅን አልጻፍንም። እናቷ ጥፋት የለባትም። ዋሽተንባታል።»

ፔንቾ ካሜንን በካቴና አስሮ ሲወስደው ብልጭታው ፊቱ ላይ አረፈ። ካሜን ከልማዱ ቀና አለ፤ ወደ ካሜራዎቹ ዞሮ፣ ዓይኑን እንባ አቅርሮ፣ «ስቶይና፣ ከልቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለ።

«ወዴት ነው የምታየው?» አለችው ስቶይና። «ወደ እኔ ዙር።»

ዞረ።

«አሁን ድገመው።»

ካሜን አፉን ከፈተ። ቃሉ ሲወጣ ከሷ በቀር የሰማው የለም።

«አልልህም» አለች ስቶይና፤ ጋዜጠኞቹ እየሰሙ ነበርና ጮክ ብላ ደገመችው። «ይቅር አልልህም።»